የአቶ ወልደአማኑኤል ፖም

አቶ ወልደአማኑኤል በጅጅጋ ከተማ በአንድ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ስምንት ዓመት ሙሉ የፈረንጅ ምግብ አብሳይ ተብለው ኖረዋል። በእነዚያ ስምንት ዓመታት ግን የፈረንጅ ምግብ ሲሠሩ ያያቸው ሰው አልነበረም። ይህም የሆነው በእሳቸው ስንፍና ሳይሆን በከተማው ጠባይ ነው። ወደ ጅጅጋ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ የመንገዱን አቧራ ከጉሮሮው ካወረደ በኋላ የሚጠይቀው ወይ ፓስታ ወይ የፍየል ጥብስ ነው። ፓስታ ደግሞ በዚያ አገር ሕፃን ከጡት ሲወርድ የሚይዘው ነገር ስለሆነ፣ የፈረንጅ ነው ብሎ የሚቆጥረው የለም። አቶ ወልደአማኑኤል ለማዕረጋቸው ማስረጃ ይሆን ዘንድ አልፎ አልፎ ድንች ጠብሰው ከፓስታው ጎን ያስቀምጣሉ። ስሙ ምን እንደሆነ ሲጠየቁ «ፖም ፍሪት» ይላሉ። ጠያቂውም ራሱን በአክብሮት ነቅንቆ ይበላል።

ተወልደው ያደጉት በባቡር መስመር ላይ፣ በአፍደም ነው። አባታቸው በሐዲድ ጥገና ሥራ ላይ ሳሉ ስለሞቱ ትምህርታቸውን ሦስተኛ ክፍል ላይ አቋርጠው፣ ብዙ ዓመት በጣቢያው ሸክም ሲሸከሙ ከኖሩ በኋላ አንድ ግሪክ በጣቢያው አጠገብ ከፍቶት በነበረው ምግብ ቤት ተቀጠሩ። በዚያም አሥራ አራት ዓመት ሠሩ። የሠሩት ሥራ አንድ ብቻ ነበር፤ ድንች መላጥ። ባቡር በደረሰ ቁጥር ግሪኩ ከምድጃው አጠገብ ሆኖ በባቡር ሰዎች ፈረንሳይኛ «ፖም! ፖም!» እያለ ይጮኻል፤ እሳቸውም ከጓሮ ተቀምጠው ይልጣሉ። ምድጃውን በቅርብ ያዩት አመዱን ሲጠርጉ ብቻ ነው። በጦርነቱ ዘመን መስመሩ ተቆርጦ ምግብ ቤቱ ሲዘጋ ግሪኩ ወደ አገሩ፣ አቶ ወልደአማኑኤል ደግሞ ወደ ጅጅጋ አቀኑ።

በ1971 ዓ.ም. ጅጅጋ ገና ከጦርነቱ ማገገሟ ስለነበረ ሠራተኛ በብርቱ ትፈልግ ነበር። አቶ ወልደአማኑኤል የቀረበላቸውን ቅጽ ተቀብለው፣ «የሥራ ልምድ» በሚለው መስመር ላይ «በባቡር ጣቢያ ምግብ ቤት የፈረንጅ ምግብ አብሳይ፣ አሥራ አራት ዓመት» ብለው በጥንቃቄ ጻፉ። ዓመቱ እውነት ነበር። ሰው ሲዋሽ ግማሹን እውነት ቢያደርገው አይጠረጠርም የሚል እምነት ነበራቸው። ሌላውም ሰው እንዲሁ የሚያደርግ ስለሚመስላቸው የማንንም ንግግር ከግማሽ በላይ አምነው አያውቁም። ጎረቤት መንገድ ላይ «እንዴት አደሩ» ቢላቸው «ደኅና» ከማለታቸው በፊት ጥያቄው የመጣበትን ምክንያት ያስባሉ። ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ማንንም ሰው «አንቱ» እያሉ እያናገሩ፣ ማንንም ሳያስቀይሙና ማንንም ሳያስጠጉ ኖሩ።

በዚያው ወጥ ቤት የአገር ምግብ የምትሠራው አስካለማርያም ግን ሌላ ሰው ነበረች። አያቷ ከቀደሙት ወታደሮች ጋር ወደ ጅጅጋ መጥተው እዚያው የቀሩ ናቸው። እሷም እዚያው ተወልዳ፣ አማርኛውን ከሱማሊኛው ጋር እያፈራረቀች የምትናገር፣ ያሰበችውን ነገር ከአፏ መልሳ የማትይዝ ሴት ነበረች። አቶ ወልደአማኑኤል ስምንት ዓመት ሙሉ ከእሷ ጋር ጎን ለጎን ሲሠሩ አንድ ቀን እንኳ ጀርባቸውን ሰጥተዋት አያውቁም።

በ1979 ዓ.ም. በጥር ወር ለወጥ ቤቱ ሁለት ቋሚ መደብ እንደ ተፈቀደ ተሰማ፤ አንዱ የአብሳይ፣ ሌላው የረዳት። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ሁለቱም ጊዜያዊ ሠራተኞች ነበሩ። ጊዜያዊ ሠራተኛን በአንድ ቃል ማሰናበት ይቻላል። ቋሚውን ለማሰናበት ግን ስብሰባ ያስፈልጋል፤ ስብሰባ ደግሞ አያልቅም። አቶ ወልደአማኑኤል ሃምሳ አራት ዓመት ሞልቷቸዋል፤ ሚስትም ልጅም የላቸውም። ከዚህ መሥሪያ ቤት ቢወጡ የሚሄዱበት ቤት አልነበራቸውም። በዝርዝሩ ላይ አብሳይ ተብለው የተጻፉት እሳቸው ሲሆኑ፣ አስካለማርያም ረዳት ተብላ ከስማቸው በታች ተጽፋ ነበር። የቀረው የዋናው መሥሪያ ቤት ሰው ቅዳሜ ከአዲስ አበባ መጥቶ ዝርዝሩን ማጽደቁ ብቻ ነው።

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ጓድ ተክለማርያም ይባላሉ። በቡልጋሪያ ስድስት ዓመት ተምረው የተመለሱ፣ ገና አርባ ዓመት ያልሞላቸው ሰው ናቸው። ከዚያ አገር ያመጡት አንድ ዲፕሎማ፣ አንድ ጥቁር ቦርሳና ስለ አንዲት አከራይ አሮጊት የሚያወሩት ማለቂያ የሌለው ወሬ ነው። አሮጊቷ በየእሑዱ የፖም ኬክ ትጋግር ነበር። ቅዳሜ የሚመጣው እንግዳም ከእሳቸው ጋር በአንድ ክፍል የኖረ፣ የዚያችኑ አሮጊት ኬክ የበላ ሰው ነው። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት አቶ ወልደአማኑኤልን ወደ ቢሯቸው አስጠሩ።

«ጓድ ወልደአማኑኤል፣ የፖም ኬክ ይሠራሉ?»

ይህ ለጓድ ተክለማርያም ጥያቄ ነበር፤ ለአቶ ወልደአማኑኤል ግን ምርመራ ነበር። ስለዚህ ግማሹን እውነት አደረጉት።

«ጌታዬ፣ በባቡር ጣቢያ ሳለሁ ፖም ያልነካሁበት ቀን የለም።»

«በጣም ደስ አለኝ። ነገ ለሙከራ ይሥሩልኝና ልቅመሰው። ግን ፖሙን ከየት ያገኙታል?»

«ከገበያ ነዋ ጌታዬ። ሞልቷል።»

«ጅጅጋ ውስጥ ፖም ሞልቷል?»

«የሐረር መኪና በየቀኑ በጆንያ ነው የሚያራግፈው።»

ጓድ ተክለማርያም የአገሪቱ ግብርና እሳቸው ሳያውቁ ይህን ያህል መራመዱን በመስማታቸው እጅግ ተደስተው፣ ነገሩን ለሚቀጥለው ሪፖርት እንዳይረሱት በማስታወሻ ያዙ።

ማክሰኞ አቶ ወልደአማኑኤል ድንቹን ቀቀሉ፣ አደቀቁ፣ ከስኳርና ከእንቁላል ጋር ለወሱ። ዱቄት ጨምረው በትልቁ ብረት ድስት ገለበጡና ከከሰል ላይ ጣዱት። ኬክ ሠርተው አያውቁም፤ ሲሠራም አላዩም። ይሁን እንጂ ኬክ ማለት ስኳር የገባበት ነገር መሆኑን ከሐረር ኬክ በመጣበት አንድ ሠርግ ላይ በልተው አረጋግጠዋል። ከሁለት ሰዓት በኋላ የወጣው ነገር ከታች ያረረ፣ ከመሐል የራሰ፣ ከላይ የገረጣ ሆነ።

አስካለማርያም ጎንበስ ብላ አየችው።

«ጋሼ፣ ይሄ የሚበላ ነው ወይስ እብጠት ላይ የሚለጠፍ?»

«ወይዘሮ አስካለማርያም፣ በማያውቁት ነገር አይግቡ። የፈረንጅ ምግብ መልኩ አያምርም።»

«ሃዬ፣ እሺ። መልኩስ ይሁን፤ ሽታው ግን የድንች ነው።»

«ፖም ድንች ድንች ካልሸተተ ምን ሊሸት ኖሯል?»

ጓድ ተክለማርያም ከመቁረሳቸው በፊት ዓይናቸውን ጨፈኑ። የአሮጊቷን ወጥ ቤት እያዩ እንደ ነበረ ከፊታቸው ያስታውቃል። ጎረሱ። ዓይናቸውን ገለጡ። ከዚያም መሐረባቸውን አውጥተው ተፉት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የፖም ኬክ ነው ጌታዬ።»

«ይህ እኮ ድንች ነው።»

«አዎን ጌታዬ፤ ፖም።»

ተያዩ። እያንዳንዳቸው ሌላው የሚያላግጥባቸው መሰላቸው።

«ድንች ፖም ነው ያለህ ማነው?» አሉ ጓድ ተክለማርያም። አቶ ወልደአማኑኤል ኃላፊው ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» መውረዳቸውን ልብ አሉ፤ በቋሚነታቸው ላይ የተደረገ የመጀመሪያ ቅነሳ አድርገውም ተረዱት። «ፖም ከዛፍ የሚለቀም ፍሬ ነው። ቀይ ነው፣ ቡጢ ያህላል። አይቀቀልም፣ አይደቅም። ይላጥና እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ ይቆረጣል። በስኳርና በቀረፋ ይታሻል። ቅቤውና ስኳሩ ነጭ እስኪሆን ይመታል፤ ከዚያ እንቁላሉ አንድ በአንድ፤ ዱቄቱ በመጨረሻ፤ ፍሬው ከላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት ይደረደራል። አሮጊቷ ማንበብ እንኳ አትችልም ነበር፤ ይህን ግን ታውቃለች። አንተ አሥራ አራት ዓመት ስትሠራ ይህን አታውቅም?»

ሰው ሲቆጣ መዋሻ ጊዜ አያገኝም፤ ስለዚህ አቶ ወልደአማኑኤል ይህን ንግግር ከልማዳቸው ውጭ ሙሉ በሙሉ አመኑት። ቃል በቃልም ያዙት። አንድ ሰው በሙያ ትምህርት ቤት ስድስት ወር ተቀምጦ የሚያገኘውን እሳቸው በሦስት ደቂቃ ስድብ አገኙት።

«እኛ በጣቢያው የምንጠቀምበት ፖም ሌላ ዓይነት ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

«እስከ ቅዳሜ ጊዜ አለህ። እንግዳው የሚመጣው የቋሚዎቹን ዝርዝር ሊያጸድቅ ነው። አንተን አብሳይ ብዬ ያስጻፍኩህ እኔ ነኝ። ድንች ይዘህ ብትቀርብ ስምህን እኔው እሰርዘዋለሁ።»

አቶ ወልደአማኑኤል ወደ ወጥ ቤቱ ሲመለሱ አስካለማርያም ነገሩን ከተላላኪው ሰምታ ጨርሳ ነበር።

«ጋሼ፣ እሳቸው የሚሉት ቱፋህ ነው። ሱማሌዎቹ ቱፋህ ነው የሚሉት። ማርዎ ጋ አንዳንድ ጊዜ አይቻለሁ፤ ከሐርተሼክ ነው የሚመጣላት።»

«ቱፋህ?»

«ቱፋህ። የድንቹን ተፉት፤ አሁን ደግሞ ቱፋህ ይስጧቸው።»

እሷ ሳቀች፤ አቶ ወልደአማኑኤል ግን ሌላ ነገር ያስቡ ነበር። ከሐርተሼክ የሚመጣ ነገር ሁሉ ድንበር ተሻግሮ በስውር የመጣ ነው። የመንግሥት ኃላፊ የመንግሥት ሠራተኛን ኮንትሮባንድ ግዛ ብሎ ሲያዝ ነገሩ ወይ ስሕተት ነው ወይ ወጥመድ። ስሕተት ከሆነ ተጠያቂው ገዥው ነው፤ ወጥመድም ከሆነ ተጠያቂው ገዥው ነው። ስለዚህ ተመልሰው ወጡና በጓድ ተክለማርያም በር ላይ ቆሙ።

«ጌታዬ፣ ትእዛዙ በጽሑፍ ይሰጠኝ።»

«የምን ትእዛዝ?»

«ፖም እንድገዛ።»

ጓድ ተክለማርያም የፍሬውን መምጫ ሲሰሙ ብዕራቸውን አንሥተው፣ አስቀምጠው፣ እንደገና አነሡ። ከብዙ ማሰብ በኋላ «ልዩ ልዩ አትክልት እንዲገዛ» ብለው ጻፉና ማኅተም አደረጉበት። አቶ ወልደአማኑኤል ወረቀቱን ተቀብለው ደጋግመው አነበቡት። ከዛፍ የሚለቀም ፍሬ አትክልት ሊባል እንደማይችል ያውቃሉ፤ ይሁን እንጂ ስሕተቱ የተፈጸመው በሌላ ሰው እጅ ስለሆነ ደስ አላቸው።

ማርዎ በገበያው መካከል በአንድ የሸራ ጥላ ሥር ፓፓያ፣ ሎሚና ቴምር የምትሸጥ ወፍራም ሴት ናት። አማርኛ የተማረችው ከገበያተኛ ስለሆነ «አንቱ» የሚለውን ቃል ሳትገዛው ቀርታለች።

«አዴር፣ ቱፋህ ዛሬ የለም» አለቻቸው። በሱማሊኛ አጎቴ ማለቷ ነው። «ሐሙስ ሾፌሩ ዐብዲወሃብ ከሐርተሼክ ይመጣል። በቀብሪበያ በኩል ነው፤ ወላሂ ያመጣልሃል።»

«ኬላ ላይ ቢያዝስ?»

«ኬላ ላይ ያሉትም ሰዎች ናቸው። ቱፋህ ይወዳሉ።»

«የሚመጣው ትክክለኛው ቱፋህ መሆኑን በምን አውቃለሁ?»

ማርዎ ዓይኗን አጥብባ አየቻቸው።

«አንተ የፈረንጅ ምግብ አብሳይ አይደለህም? ቱፋህ አታውቅም?»

አቶ ወልደአማኑኤል የሸሚዛቸውን አንገት አስተካከሉ።

«እኔ አውቃለሁ። እርስዎ ያውቁ እንደሆነ ነው የጠየቅሁት።»

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ካርቶኑ መጣ። ፍሬዎቹ እያንዳንዳቸው በስስ ሐምራዊ ወረቀት ተጠቅልለዋል። አቶ ወልደአማኑኤል አንዱን ገለጡና መቅላቱን ሲያዩ መሐረባቸውን በውኃ አርሰው አሹት፤ ቀለም ተቀብቶ እንደ ሆነ ይለቃል በማለት። አልለቀቀም። አሸተቱት። በጥፍራቸው ጫሩት። በመጨረሻም ለማርዎ አቀበሏት።

«አስቀድመው እርስዎ ይቅመሱት።»

ማርዎ እየሳቀች ገመጠች፤ አኘከች፤ ዋጠች። አቶ ወልደአማኑኤል ጥቂት ጠበቁ።

«አዴር፣ እስካሁን አልሞትኩም» አለች ማርዎ። «ስንት ሰዓት ልቁም?»

ቅዳሜ ጠዋት እንግዳው ገና ከሐረር መንገድ ላይ ሳሉ ሥራው ተጀመረ። ሙከራ የሚደረግበት ትርፍ ፍሬ ስለሌለ የሚሠራው አንዴ ብቻ ነው። አቶ ወልደአማኑኤል በርጩማ ላይ ተቀምጠው ቢላዋ አነሡ። ድንች ሁልጊዜ የሚልጡት ከጓሮ ብቻቸውን ሆነው ስለ ነበር፣ የዚያን ጊዜ አስካለማርያም ስምንት ዓመት ያላየችውን ነገር አየች። ቢላዋው ቆሞ ፍሬው በእጃቸው ላይ ይሽከረከር ጀመር። ልጣጩ ሳይበጠስ፣ ከራስ እስከ እግሩ አንድ ወጥ ሆኖ እንደ ክር ይወርዳል። ሥጋው ምንም አልጎደለም። አንዱን ጨርሰው ሌላውን ያነሣሉ፤ ፊታቸውም የሌላ ሰው ፊት፣ ማንንም የማይጠረጥር ሰው ፊት ይመስል ነበር።

«ጋሼ፣ ይሄን የት ተማሩት?»

አቶ ወልደአማኑኤል ወዲያው ወደ ራሳቸው ተመለሱ።

«ለምን ይጠይቃሉ?»

የተላጠው ፍሬ ጥቂት ቆይቶ ጠቆረ። አስካለማርያም ደነገጠች፤ እሳቸው ግን ድንችም እንዲሁ እንደሚጠቁር ስለሚያውቁ ሳይናገሩ ውኃ ውስጥ ጨመሩት፤ እሷም ሎሚ ጨመቀችበት። በቁጣ የተነገራቸውን ሁሉ በቅደም ተከተል ፈጸሙ። ቅቤና ስኳሩን ነጭ እስኪሆን መቱ፤ እንቁላሉን አንድ በአንድ ጨመሩ፤ ዱቄቱን በመጨረሻ ነፉበት። ፍሬውን በስኳርና በቀረፋ አሽተው እንደ ዓሣ ቅርፊት ደረደሩት። ከዚያ ድስቱን እንደ ማክሰኞው በከሰሉ ላይ ሊጥዱት ሲሉ አስካለማርያም ክንዳቸውን ያዘች።

«ቆይ። ባለፈው ያረረው ለምን ይመስልዎታል? እሳቱን ሁሉ ከታች አድርገው ነው። ሊጥ እኮ ከላይም እሳት ይፈልጋል። እናትዎ ድፎ ሲደፉ አላዩም?»

የዘይት ቆርቆሮ ቀድዳ ያዘጋጀችውን ክዳን አመጣች። ከታች ያለውን ፍም በትና አሳሳችው፤ ክዳኑን ከድና የቀረውን ፍም ከላይ ቆለለችው። አቶ ወልደአማኑኤል ቆመው አዩዋት። እሳቸው ዛሬ ቢወድቁ የአብሳይነቱን መደብ የምታገኘው እሷ ናት። ታዲያ ለምን ትረዳቸዋለች? ነገሩን ከሁሉም ማዕዘን መረመሩት፤ ምክንያቱ አልታያቸውም። ያልታየ ምክንያት ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው።

«ወይዘሮ አስካለማርያም፣ ይህን የሚያደርጉልኝ ስለ ምንድን ነው?»

«እርስዎ ከተባረሩ ፓስታውን ማን ሊቀቅል ነው? እኔ ነኛ። ስጠላው።»

ለራሷ ጥቅም መሆኑን ሲሰሙ ልባቸው አረፈ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ጀርባቸውን ሰጥተዋት ሳህን ሊያጥቡ ሄዱ።

ክዳኑ ሲነሣ የቀረፋው ሽታ ከወጥ ቤቱ አልፎ እስከ ዘበኛው ድረስ ሄደ። ኬኩ እኩል ኩፍ ብሏል። ፍሬዎቹ ጠርዛቸው ቡናማ ሆኖ አንዱ በአንዱ ላይ ተኝተዋል። አስካለማርያም «አቤት» አለች። አቶ ወልደአማኑኤል ከታች አርሮ እንደ ሆነ በማለት በቢላዋ ጫፍ አነሥተው አዩት፤ አላረረም።

ኬኩ ከምሳ በኋላ ቀረበ። እንግዳው ቀጭን፣ መነጽር ያደረጉ፣ ወረቀት የሚወዱ ሰው ነበሩ። በግራቸው የሠራተኞቹ ዝርዝር፣ በቀኛቸው ኬኩ ተቀመጠ። ጎረሱ፤ ጓድ ተክለማርያምም ጎረሱ። ከዚያ እንግዳው በቡልጋሪያ ቋንቋ አንድ ነገር አሉ፤ ጓድ ተክለማርያም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሁለቱም ሳህናቸውን እንደገና አቀረቡ።

«ጓድ ወልደአማኑኤል፣ እጅዎ ይባረክ» አሉ ጓድ ተክለማርያም። «እርስዎ» ተመልሶ ነበር።

እንግዳው ብዕራቸውን አውጥተው ዝርዝሩን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

«በባቡር ጣቢያ አሥራ አራት ዓመት አብስለዋል ማለት ነው?»

«እንደ ተጻፈው ነው ጌታዬ።»

«ያ እኮ ቀላል አገልግሎት አይደለም። ለጡረታ ቢደመርልዎ ብዙ ይጠቅምዎታል። እኔ አዲስ አበባ እንደ ተመለስሁ ደብዳቤ ጽፌ አጣራልዎታለሁ።»

እንግዳው ይህን ያሉት ከጣፈጠው ኬክ የተነሣ ነው። እንደዚህ ያለ ቃል ከበሉ በኋላ የሚናገሩት፣ ሐረር ሳይደርሱ የሚረሱት ዓይነት ሰው ነበሩ። ቢጽፉም እንኳ መልስ የሚሰጣቸው አይገኝም፤ ምግብ ቤቱ የግሪኩ የግል ንብረት ነበር፤ ግሪኩም ሲሄድ ከድስቶቹ በቀር ምንም አልተወም። በዚህ ዓለም ላይ አቶ ወልደአማኑኤል አፍደም ላይ ምን ይሠሩ እንደ ነበር ሊመሰክር የሚችል አንድ ወረቀት አልነበረም።

አቶ ወልደአማኑኤል ግን የሰሙት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «አጣራ» የሚለውን። ስምንት ዓመት የጠበቁት ቃል ነበር። ደግነት ለብሶ እንደሚመጣም ያውቁ ነበር። ኬኩንም፣ ሳቁንም፣ ተመልሶ የመጣውን «እርስዎ»ንም አንድ ላይ አገናኙት፤ ሁሉም ቀድሞ የታሰበበት መሰላቸው። ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ጌታዬ፣ አይጻፍ።»

«ምኑ?»

«ደብዳቤው። ከሚደርሱበት እኔው ልናገር። አብሳይ አልነበርኩም። ድንች ላጭ ነበርኩ።»

ሁለቱ ሰዎች ሳቁ። ትሕትና መስሏቸው ነበር።

«እውነቴን ነው» አሉ አቶ ወልደአማኑኤል። «አሥራ አራት ዓመት ድንች ልጫለሁ። ዓመቱ ትክክል ነው፤ ሥራው አይደለም። እንግዲህ ከእኔ ከሰሙት ሌላ የሚያጣሩት የለም።»

ሳቁ ቆመ። ጓድ ተክለማርያም ፊታቸው ተለዋወጠ፤ የማክሰኞው ድንች አሁን ገባቸው። በእንግዳቸው ፊት ሐሰተኛ አብሳይ ያስጻፉ ሰው ሆነው ተገኙ። እንግዳው ግን አልተቆጡም። የተዛባ ወረቀት ማየት ብቻ ነው የማይወዱት።

«ማስረጃ የሌለው ሰው አብሳይ ሊባል አይችልም» አሉ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው። «ረዳት ለመሆን ግን ማስረጃ አይጠየቅም። ሴትየዋስ?»

«ሃያ ዓመት ያበሰለች ናት» አሉ ጓድ ተክለማርያም በደከመ ድምፅ።

«በምስክር?»

«በመላው ጅጅጋ።»

እንግዳው ሁለቱን ስሞች በቀስት አገናኙና ቦታቸውን አለዋወጡ። ፈረሙ። ከዚያም አብሳይ አለመሆኑን አሁን በፊርማቸው ያረጋገጡበት ሰው ከሠራው ኬክ ሦስተኛ ቁራሽ ጠየቁ።

ደብዳቤዎቹ ሰኞ ደረሱ። አስካለማርያም የራሷን ለዘበኛው አስነብባ፣ አላመነችውምና ለሁለተኛ ሰው አስነበበችው። ከዚያ ወደ ወጥ ቤቱ ገብታ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«ጋሼ፣ ማን ጠየቀዎት?»

«ሊጠይቁ ነበር።»

«ማን ሊጠይቅ? ሰውየው ኬክ እየበላ ነበር።»

«ሲበላ ነው የሚጠየቀው። እርስዎ አያውቁም።»

«ወላሂ እርስዎ ሰው አይደሉም። በእጅዎ የያዙትን እንጀራ ለሰው ያቀብላሉ?»

አቶ ወልደአማኑኤል የራሳቸውን ደብዳቤ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ አደረጉ። «ቋሚ ረዳት» ይላል። ረዳት መሆናቸውን በዓለም ላይ ማንም ሊያስተባብል አይችልም፤ ይህን ያህል የተደላደለ ነገር በእጃቸው ገብቶ አያውቅም። ነገሩን ለአስካለማርያም ማስረዳት ግን የሚያስፈልግ አልመሰላቸውም።

«ከዛሬ ጀምሮ የሚያዙኝ እርስዎ ነዎት» አሉ። «ምን ልሥራ?»

አስካለማርያም ጥቂት አሰበች። ከመደርደሪያው ላይ በጨርቅ የተሸፈነ ሳህን አወረደች። ቅዳሜ ከጠረጴዛው ሲመለስ ቆርሳ ያስቀመጠችው የኬኩ ቁራሽ ነበር።

«እስቲ ቁጭ ይበሉና ይሄን ይብሉ። ከሠሩት ጀምሮ አልቀመሱትም።»

«አመሰግናለሁ፤ ጠግቤአለሁ።»

«ትእዛዝ ነው።»

ደግነት ቢሆን ኖሮ እምቢ ባሉ ነበር። ትእዛዝ ስለሆነ ግን በርጩማውን ስበው ተቀመጡ፤ ቁራሹን በሁለት ጣት ይዘው ዙሪያውን ካዩት በኋላ ገመጡ። ቀስ ብለው አኘኩ። አስካለማርያም ምን ይሉ ይሆን ብላ ቆማ ትጠብቃቸው ነበር።

«ቀረፋው አንሷል» አሉ፤ ሁለተኛም ገመጡ።